የዋይፋይ አዳፕተር ንግድ፤ የካርቶኑ ቁጥርና የአንቴናው ነገር

ከኮምፒዩተር ዕቃዎች መካከል በመጠኑ እጅግ አነስተኛ የሆነ፣ ለባለሱቁ በሚያመጣው የመልስ ጣጣ ግን ከትልልቆቹ የማያንስ አንድ ሸቀጥ አለ። ይኸውም በላፕቶፕ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የሚሰካውና የዋይፋይን ሞገድ የሚቀበለው፣ መልሶም የሚልከው የውጭ አዳፕተር ነው። አንዳንዱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም፤ አንዳንዱ ወደ ላይ የሚቆም ዘንግ አለው፤ አንዳንዱም በገመድ ተያይዞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። ሦስቱም ዐይነት በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅሎ በሚገኝበት ሱቅ፣ ገዥውም ሆነ ሻጩ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በካርቶኑ ፊት በትልቁ በታተመው ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ዐይነቱ አመራረጥ ለሻጩም ለገዥውም አይበጅም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ሲሆን፣ ደንበኛው ወደ ሱቅ የመጣው ስለ አቀባበል ነውና። «ሳሎን ስሆን ይሠራል፤ መኝታ ቤት ስገባ ግን ላፕቶፔ ዋይፋይ አይስብልኝም» ብሎ ለመጣ ሰው፣ 1200 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጥፍር የሚያህል አዳፕተር ቢሸጡለት በማግሥቱ ይዞት መመለሱ አይቀርም። ዕቃው ተሰክቶ ሲታይ ብልሽት የለበትም፤ ስለዚህ ሻጩ «ይሠራል» ይላል፤ ገዥው ደግሞ «አልሠራልኝም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የነገሩ ክብደት በባለሱቁ ባንኮኒ ላይ አያበቃም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ለእያንዳንዱ የውጭ ዕቃ የሚከፈለው ብር ከቀድሞው እጅግ ጨምሮአል። በመሆኑም ሁለት ሺሕ የማይሸጥ አዳፕተር በመጋዘን ያከማቸ አስመጪ፣ ገንዘቡን በቀላሉ ወደማይመለስበት ስፍራ ቀብሮአል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ይህ ትንሽ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ጠንቅቆ ማወቅ የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ጉዳይ ሆኖአል።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ማንኛውም ዘመናዊ ላፕቶፕ በውስጡ የራሱ የዋይፋይ ካርድና አንቴና ያለው መሆኑን ነው። አንቴናው አብዛኛውን ጊዜ በክዳኑ ውስጥ፣ በስክሪኑ ዙሪያ የተዘረጋ ስስ ነገር ሲሆን፣ ከካርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ሽቦ ነው። ይህ አቀማመጥ መጥፎ አይደለም፤ ክዳኑ ሲከፈት አንቴናው ወደ ላይ ከፍ ይላልና። ሆኖም ላፕቶፑ ተጠግኖ ከነበረና ሽቦው በደንብ ሳይሰካ ከቀረ፣ ወይም አካሉ ብረት ከሆነ፣ ወይም ካርዱ ያረጀ ከሆነ አቀባበሉ ይደክማል። የውጭ አዳፕተር የሚጠቅመው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሞገዱ ራሱ ወደ ክፍሉ ያልደረሰ እንደ ሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን ለመለየት አስተዋይ ባለሱቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል።

«ጋሼ፣ ስልክዎስ እዚያው ቦታ ላይ ይስባል?»

«ስልኬማ ይስባል፤ ያስቸገረኝ ላፕቶፑ ነው እንጂ።»

እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ደንበኛ ትክክለኛው የአዳፕተር ገዥ ነው። ስልኩም ላፕቶፑም በዚያ ክፍል የማይስቡ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ራውተሩን ወደ ቤቱ መካከልና ከፍ ወዳለ ቦታ ማዛወር፣ ካልሆነም የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ይሻላል፤ ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራልና። እንዲህ ላለው ደንበኛ ባለ ትልቅ አንቴና አዳፕተር ላፕቶፑን ሊረዳው ቢችልም ስልኩን ግን አይረዳውም፤ ይህንንም አስቀድሞ መንገር ይገባል። የሞገዱ ምልክት ሙሉ ሆኖ እያለ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍበት ሰው ደግሞ ችግሩ ከመሥመሩ ነው፤ ለእርሱ የሚሸጥ አዳፕተር የለም። ይህን በግልጽ ተናግሮ ደንበኛውን ባዶ እጁን የሚሸኝ ባለሱቅ ለጊዜው ሽያጭ ቢያመልጠውም፣ ያው ሰው ነገ ራውተር ሲፈልግ የት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ካርቶኑ ቁጥር እንመለስ። የዋይፋይ ደረጃዎችን የሚያወጣው በአሜሪካ የሚገኘው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አይትሪፕልኢ፣ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከፍተኛው ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2009 802.11ኤን፣ በ2013 802.11ኤሲ፣ በ2021 802.11ኤኤክስ የተባሉት ጸደቁ። እነዚህ ስሞች ለሕዝቡ አስቸጋሪ በመሆናቸው የዋይፋይ አላያንስ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋይፋይ 4፣ ዋይፋይ 5፣ ዋይፋይ 6 የሚሉ አጫጭር መጠሪያዎች ሰጣቸው። በካርቶን ላይ «ኤሲ 1200» የሚል ሲጻፍ፣ ፊደሉ ደረጃውን፣ ቁጥሩ ደግሞ ፍጥነቱን ያመለክታል።

ነገር ግን ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ ያየ ሰው ትንሽ መገረሙ አይቀርም። አዳፕተሩ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ 300 ሜጋቢት፣ በ5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ 867 ሜጋቢት ይችላል፤ አምራቹ ሁለቱን ይደምርና 1167 ያገኛል፤ እርሱንም ወደ 1200 ያጠጋጋዋል። አዳፕተሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንደኛው ሞገድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 1200 የሚባለውን ፍጥነት በቤቱ ያየ ገዥ ከቶ የለም። «ኤሲ 600» የሚባለውም እንዲሁ 150 እና 433 ተደምረው የተገኘ ነው፤ «ኤኤክስ 1800» የሚባለውም የ574ና የ1201 ድምር ነው። በዚህ ላይ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን በአየር ላይ ያለው የመገናኛ ፍጥነት እንጂ ሰው ፋይል ሲያወርድ የሚያገኘው አይደለም፤ በተግባር የሚገኘው ከዚያ ግማሽ ያህሉ ቢሆን ነው። ዕቃው የተሠራው በዩኤስቢ 2 ከሆነ ደግሞ የቀዳዳው ልክ ራሱ 480 ሜጋቢት ነው፤ 867 በዚያ አያልፍም። የቤቱ የኢንተርኔት መሥመር 20 ሜጋቢት ለሆነ ደንበኛ ይህ ሁሉ ክርክር ትርፍ ነው፤ ከነዚህ ማናቸውም ይበቃዋልና። የሚያስፈልገው ደካማውን ሞገድ ሳይቆራረጥ የሚይዝለት ዕቃ ነው።

ሞገድን የሚይዘው አንቴና ነው፤ አንቴናም የመጠን ነገር ነው። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በደንብ የሚሠራ ቀላል አንቴና የግማሹን፣ ማለትም የ6 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል። ጥፍር በሚያህለው አዳፕተር ውስጥ ያለው አንቴና በጥቂት ሚሊሜትር ቦታ ተጣጥፎ የገባ ነው፤ በዚያም ላይ ከላፕቶፑ አካል ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት በክዳኑ ውስጥ ካለው አንቴና የባሰ ቢሆን እንጂ የተሻለ አይሆንም። ይህ ማለት ግን ትንሹ አዳፕተር ለምንም አይረባም ማለት አይደለም። የዋይፋይ ካርዱ የተቃጠለ ላፕቶፕ ያለው፣ ወይም ካርድ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያለውና ራውተሩ በዚያው ክፍል የሚገኝ ሰው በትንሽ ዋጋ ሥራውን ይሠራበታል። ዕቃው የሚነቀፈው ለርቀት ሲሸጥ ነው።

የአንቴና ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ አቆጣጠሩን ጥቂት ማወቅ ለነጋዴው ይጠቅማል። 3 ዴሲቤል ሲጨመር ኀይሉ እጥፍ ይሆናል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ዐሥር እጥፍ ይሆናል። መሰናክል በሌለበት ሜዳ ላይ ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ 6 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘንግ ከ2 ዴሲቤል ጥቂት የሚበልጥ አለው፤ ረዘም ያለውና በአዳፕተሮች ላይ የሚታየው 5 ዴሲቤል ያህል ነው። ከጣት በማይረዝም ዘንግ ላይ 9 ወይም 12 ዴሲቤል ተብሎ ቢጻፍ፣ ርዝመቱን ያየ ሰው ሊያምነው አይገባም። ከዚህም የባሰው በውስጡ አጭር ሽቦ ብቻ ያለበት፣ ወይም ሁለት ዘንግ አቁሞ አንዱን ብቻ ከሰሌዳው ጋር ያገናኘ ዕቃ ነው፤ ከብዙ ትእዛዝ በፊት ናሙናውን በጠጋኝ ፊት ከፍቶ ማየት ለዚህ መድኃኒት ነው።

የአንቴና ጉልበት ከየትም አይመጣም፤ ከላይና ከታች የሚሄደውን ሞገድ ወደ ጎን በማጥበብ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ዘንግ በአንድ ወለል ላይ ላሉ ክፍሎች መልካም ሲሆን፣ ራውተሩ ምድር ቤት፣ ላፕቶፑ ፎቅ ላይ በሆነበት ጂ ፕላስ ዋን ቤት ግን ዘንግን አዘንብሎ ማቆም ይሻላል። ደንበኛው ይህን ስለማያውቅ ዘንጉን ባቆመበት ይተወውና ዕቃውን ይወቅሳል።

አንዳንድ አምራቾች ደግሞ የአንቴናውን ትተው የመላኪያውን ኀይል ያወሩለታል፤ «1000 ሚሊዋት»፣ «2000 ሚሊዋት» የሚሉ ጽሑፎች በየካርቶኑ ይታያሉ። ዋይፋይ ግን የሁለት ወገን ንግግር ነው፤ ላፕቶፑ ይናገራል፣ ራውተሩም ይመልሳል። ላፕቶፑ ቢጮኽ የራውተሩ ድምፅ አይጨምርለትም። ደኅና አንቴና በተቃራኒው ለመናገርም ለመስማትም እኩል ይረዳል። ከዚህም ሌላ የኀይሉ መጠን በሕግ የተገደበ ነው፤ በአውሮፓ ለምሳሌ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አንቴናው የሚጨምረው ጭምር ተቆጥሮ የተፈቀደው 100 ሚሊዋት ብቻ ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ በኩራት የተጻፈው 2000 ሚሊዋት፣ ወይ እውነት አይደለም፣ ወይም እውነት ከሆነ በጉምሩክና በተቆጣጣሪው ፊት ለአስመጪው ጥያቄ ያመጣበታል።

ከሁሉም በዋጋ የሚያንሰውና በጥቅም ከብዙው የሚበልጠው ነገር ተራ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ነው። በ1 ወይም በ1.5 ሜትር ገመድ ጫፍ ላይ የተሰካ አዳፕተር ከላፕቶፑ አካል ይርቃል፤ በመስኮት ላይ፣ ወይም በቁም ሣጥን ራስ ላይ፣ ወይም በበሩ አቅጣጫ ሊቀመጥ ይችላል። በቤት ውስጥ ያለ ሞገድ ደግሞ እንደ ጥላ ነው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት በኋላ ብዙ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። በዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ለሚሰካ ዕቃ ይህ ገመድ ሌላም ጥቅም አለው። ኢንቴል ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የዩኤስቢ 3 ዕቃዎችና ቀዳዳዎች ሲሠሩ የሚያወጡት የኤሌክትሪክ ጫጫታ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ይወድቃል፤ በአጠገባቸው ያለውን ተቀባይም ያደነቁረዋል። ሰማያዊ ቀለም ባለው ቀዳዳ ላይ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ሰክቶ፣ በጎኑ ደግሞ አዳፕተሩን የሰካ ደንበኛ «ሀርድ ዲስኩን ሳገናኝ ዋይፋዩ ይጠፋል» ቢል እየቀለደ አይደለም። መፍትሔውም አንዱን ከሌላው ማራቅ ነው።

ገመዱ ግን ልክ አለው። የዩኤስቢ 2 ገመድ ከ5 ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ቀጭንና ርካሽ ከሆነ ደግሞ ገና በ3 ሜትር ላይ ኤሌክትሪኩ ይደክምና አዳፕተሩ እየጠፋ ይበራል። አንዳንድ ሰዎች በዩኤስቢው ፈንታ የአንቴናውን ሽቦ ማስረዘም ይመርጣሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ቀጭኑ የአንቴና ሽቦ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ በ3 ሜትር ላይ ባለ 5 ዴሲቤሉ አንቴና ያተረፈው ሁሉ በሽቦው ውስጥ ይቀራል። በዩኤስቢ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ግን ሞገድ ሳይሆን ቁጥር ስለ ሆነ በመንገድ አይቀንስም። ስለዚህ አዳፕተሩንና የ1.5 ሜትር ገመዱን በአንድ ላይ አሽጎ የሚሸጥ ነጋዴ ለደንበኛው ትልቅ ውለታ ይውላል፤ የራሱም የመልስ ዕቃ ይቀንስለታል።

የአገራችን ቤቶች አሠራርም በዚህ ንግድ ውስጥ ድርሻ አለው። በፌሮና በኮንክሪት የተሠራ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሞገዱን አብዝቶ ይውጣል፤ የቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር ጭራሹን ይመልሱታል፤ ውሃ የሞላ ሮቶም እንደ ግድግዳ ይቆጠራል። የደረቀ የጭቃ ግድግዳ ግን ከኮንክሪቱ ይልቅ ሞገዱን ያሳልፋል። ከሁለቱ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርትዝ ግድግዳን በማለፍ የተሻለ ሲሆን፣ 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነገር ግን በቶሎ የሚደክም ነው። በሌላ በኩል 2.4 የተጨናነቀ ነው፤ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት መሥመሮች 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ዐሥራ አምስት ቤተ ሰብ ዐሥራ አምስት ራውተር ባቆመበት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ እነዚህ ሦስት መሥመሮች እንዴት እንደሚጣበቡ ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭም በዚሁ ሞገድ አካባቢ ይሠራል። አሮጌ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 2.4 ብቻ የሚያውቁ በመሆናቸው፣ ደንበኛው «አይስብም» የሚለው አንዳንድ ጊዜ የሞገድ ማነስ ሳይሆን የመጨናነቅ ጉዳይ ነው፤ ለእርሱ ባለ ሁለት ሞገድ አዳፕተር፣ አንቴናው ተራ ቢሆንም እንኳ፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣለታል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ለሽያጭ የሚመጣ ዕቃ ባለ ሁለት ሞገድ ሊሆን ይገባል፤ ባለ አንድ ሞገዱ ርካሽ ቢሆንም በሱቅ ቦታ ይይዛል።

ስድስተኛውን ጊጋኸርትዝ የሚጨምረው ዋይፋይ 6ኢ ሌላ ነው። ይህን ሞገድ አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከፈተች፤ ሌሎች አገሮች በየራሳቸው ልክ ተከተሉ። ደንበኛው ይህን ሞገድ የሚያወጣ ራውተር ከሌለው፣ ኮምፒዩተሩም በዊንዶውስ 11 የማይሠራ ከሆነ የከፈለው ጭማሪ ሁሉ ከንቱ ነው። ለርቀት ደግሞ ከ5ቱም ያንሳል።

ከአንቴናው ቀጥሎ ነጋዴውን የሚያስቸግረው ቺፑና ድራይቨሩ ነው። አዳፕተር የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ኢንተርኔት ስለሌለው ነው፤ አዳፕተሩ ደግሞ እንዲሠራ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አውርድ ይለዋል። በካርቶኑ ውስጥ ሲዲ አለ፤ ላፕቶፑ የሲዲ ማጫወቻ የለውም። በዚህ ክብ ውስጥ የገባ ደንበኛ ወዴት እንደሚመለስ ግልጽ ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህን ተመልክተው፣ ድራይቨሩ በአዳፕተሩ በራሱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሰካ እንደ ፍላሽ የሚከፈት አድርገው ሠርተውታል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ጥቂት ቢወደድም ለአገራችን ገዥ ይስማማል። ሌላው መንገድ ባለሱቁ የየዐይነቱን ድራይቨር በፍላሽ አስቀምጦ በባንኮኒው ላይ መጫን ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ያበቃለት ቢሆንም በብዙ ላፕቶፖች ላይ አሁንም አለ፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ለ10ም ለ11ም መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሊኑክስ የሚሠሩ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ሲመጡ ደግሞ የሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ጭነት ይሠሩላቸዋል።

አስመጪው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ቲፒ ሊንክ የተባለው ኩባንያ ቲኤል ደብልዩኤን 722ኤን የሚባል፣ ባለ 2.4 ጊጋኸርትዝና ባለ 4 ዴሲቤል አንቴና አዳፕተር ሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው እትም የአቴሮስ ቺፕ የያዘ ስለ ነበር በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆነ። ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ግን በዚያው ስምና በዚያው መልክ የሪያልቴክ ቺፕ ገባበት። የመጀመሪያውን ፈልጎ ሁለተኛውን ያገኘ ገዥ ስሙን ቢያነብ ልዩነት አያይም፤ ልዩነቱ በጀርባው ላይ በትንሹ የተጻፈው የእትም ቁጥር ነው። ኩባንያው ይህን ማድረግ መብቱ ነው፤ ሆኖም በስም ብቻ የሚያዝ አስመጪ ናሙና ሆኖ ያየውን ዕቃ ሳይሆን ሌላ ሊላክለት ይችላል። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ስም ብቻ ሳይሆን የቺፑ ስምና የእትሙ ቁጥር፣ የዩኤስቢው ዐይነት፣ የአንቴናው ዴሲቤልና ተነቃይ መሆን አለመሆኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እንጂ ዕቃው ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ ይህን ማንሣት ዋጋ የለውም።

በሕግ በኩል፣ አዳፕተሩ ሞገድ የሚልክ መሣሪያ በመሆኑ እንደ ተራ የኮምፒዩተር ገመድ አይቆጠርም። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች ዐይነት መርምሮ ማረጋገጫ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ አቅራቢው የመሣሪያውን የፍተሻ ሰነዶች ከናሙናው ጋር አብሮ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል፤ ሰነድ የሌለው አቅራቢ ዋጋው ቢያንስም ጊዜ ያስወስዳል። በጉምሩክ ዓለም አቀፍ የዕቃዎች መደብ አዳፕተሩ በ8517.62 ሥር ይወድቃል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው፤ በካርቶኑ ላይ የሌለ ነገር የተጻፈበት ዕቃ በዚህ ረገድ ባለሱቁን ሊያስጠይቀው ይችላል።

ናሙናውን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ራውተር በሱቁ ወይም በመጋዘኑ ጥግ ይቀመጣል፤ አንድ ላፕቶፕ ደግሞ ሁለት ግድግዳ አልፎ ይቀመጣል፤ ከዚያም በላፕቶፑ በራሱ ካርድና በየአዳፕተሮቹ ያለው የሞገድ መጠን ተራ በተራ ይጻፋል። መለኪያው ከዜሮ በታች ስለሚቆጠር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል፤ ከዜሮ በታች 50 እጅግ መልካም፣ 67 ለቪዲዮ የሚበቃ፣ 80 ደግሞ የመቆራረጥ ድንበር ነው። ምልክቱ የሚዋዥቅ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። እንዲሁም አንድ ትልቅ ፋይል ከሌላ ኮምፒዩተር በራውተሩ በኩል ማስተላለፍና የወሰደውን ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ምልክቱን አሳምሮ እያሳየ ሥራውን የማይሠራ ዕቃ አለና። አዳፕተሩ ከላፕቶፑ ከራሱ ካርድ በ6 ዴሲቤል እንኳ ካልበለጠ «ለርቀት የሚሆን» ተብሎ ሊሸጥ አይገባውም።

በመጨረሻ ስለ ተነቃይ አንቴና ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ዕቃ ሳይታወቅ የሚበላሸው በዚህ ነውና። የዋይፋይ አዳፕተሮች ማገናኛ አርፒ ኤስኤምኤ የሚባለው ሲሆን፣ የ4ጂ ራውተሮች ማገናኛ ደግሞ በብዛት ኤስኤምኤ የሚባለው ነው። የሁለቱ ጥርስ አንድ ዐይነት በመሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ያለ ችግር ይጠመዘዛል። ልዩነቱ በመካከሉ ነው። የዋይፋይ አዳፕተሩ በመካከሉ መርፌ አለው፤ የእርሱ አንቴና ደግሞ ቀዳዳ አለው። የ4ጂው ተገላቢጦሽ ነው። የዋይፋይ አንቴና በ4ጂ ራውተር ላይ ቢጠመዘዝ ቀዳዳ ከቀዳዳ ይገናኝና ምንም ሞገድ አያልፍም፤ የ4ጂ አንቴና በዋይፋይ አዳፕተር ላይ ቢጠመዘዝ መርፌ ከመርፌ ይጋጭና ማገናኛው ይጎዳል። መለዋወጫ አንቴናዎች ለብቻቸው ሲመጡ በመደብ 8517.71 ስለሚመዘገቡ፣ በአንድ ጭነት ከአዳፕተሩ ጋር ቢታዘዙም በኢንቮይሱ ላይ ተለይተው መጻፍ አለባቸው፤ የማገናኛውም ስም አብሮ ይጻፍ። በሱቅ ውስጥም ሁለቱ በየራሳቸው ሣጥን ይቀመጡ፤ ሻጩም አንቴናውን ለደንበኛው ከማሸጉ በፊት ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሮ መርፌ ይሁን ቀዳዳ በዐይኑ ይመልከት።